ባዶ ወንበር የጫነ ሰርቪስ

ሕፃናትን ስለ መጓጓዣ የምታስተምረው ሴት ራሷ መጓጓዣ የላትም። ይህን ቀልድ ያመጣው ባሏ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ከባድ መኪና ሲነዳ ኖሮ ወገቡን ለመንገድ ያስረከበ ሰው ነው፤ አሁን መስኮቱ ሥር አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ፣ በደጅ የሚያልፈውን መኪና በሞተሩ ድምፅ እየለየ ይውላል። ማለዳ እሷ ያበጠ ጉልበቷን በሁለት እጇ አንስታ እግሯን ወደ ጫማዋ ስትከት ያያትና፣

«እመቤት መጓጓዣ! ዛሬስ በምንድን ነው? በባሕር ነው በአየር?» ይላታል።

«በአንተ ምላስ» ትለዋለች። «እዚህ ቤት ሳይበላሽ የቀረ ሞተር እሱ ብቻ ነው።»

ይስቃሉ። ሳቁ ግን ደጃፉን አያልፍም። ከደጃፉ ወዲያ ያለው ሰልፍ ነው።

ሰልፉ ከመዞሪያው ይጀምርና የብረታ ብረት ሱቁን አልፎ፣ ያልተከፈተውን መድኃኒት ቤት ታኮ ይጠማዘዛል። ሌሊት ሲጠብቅ ያደረ ዘበኛ አለ፤ የሆስፒታል ልብስ አጣቢ አለች፤ ዳቦውን በላስቲክ ቋጥሮ የያዘ ግንበኛ አለ። እነዚህ ሰዎች ለዓመታት አብረው ቆመዋል፤ የሚተዋወቁት ግን በፊት ሳይሆን በማጅራት ነው። አስተማሪዋ ከፊቷ የሚቆመውን ዘበኛ አንገት፣ ጠባሳውንና የኮሌታውን ክር ሳይቀር ታውቃለች፤ ፊቱን ገበያ ላይ ብታገኘው ግን አትለየውም። ታክሲ ሲመጣ ሰልፉ ይፈርሳል። ጉልበት ያለው ይገባል፣ ጉልበት የሌለው እንደገና ይሰለፋል። የእሷ ጉልበት ያለቀው ደግሞ የሕፃን ወንበር ላይ ነው፤ ቁመቷን ለአራት ዓመት ልጅ ወንበር ስታጥፍ ስትዘረጋ ኖራ፣ መታጠፊያው አለቀ።

እስከዚህ ድረስ ያለው የብዙ ሰው ኑሮ ነው። የሚያናድደው ቀጥሎ የሚመጣው ነው።

ሰልፉ መሐል ቆማ ሳለች፣ ቢጫ ሚኒባስ ከታች ብቅ ይላል። ጎኑ ላይ የምትስቅ ፀሐይ ተሥላበታለች። የምታስተምርበት ትምህርት ቤት ሰርቪስ ነው። በሰልፉ ፊት፣ እጇን ብትዘረጋ በምትነካው ርቀት ያልፋል። ከፊት ያሉት ወንበሮች ላይ የገዛ ተማሪዎቿ ተቀምጠዋል፤ ከኋላ ያሉት ወንበሮች ባዶ ናቸው። ልጆቹ ሲያዩዋት መስተዋቱ ላይ አፍንጫቸውን ደፍጥጠው፣ «ቲቸር! ቲቸር! ባይ ባይ!» ይላሉ። እሷም እጇን ታውለበልባለች። ልጅ እጁን ሲያውለበልብልሽ ምን ታደርጊያለሽ? ሾፌሩ ደግሞ እሷ ካለችበት ሲደርስ የፀሐይ መከላከያውን ወደ ታች ያወርዳል። ፀሐይ ገና አልወጣችም። ግን ያወርዳል።

ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። አንድ ቀን ግቢው ውስጥ ጠርታ ጠይቃው ነበር።

«ልጄ፣ እንዴት ነው እንዲህ እያየኸኝ የምታልፈው?»

«እትዬ ሙች፣ እኔ ልለፍሽ ብዬ ነው?» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤ ቁልፉን በጣቱ እያሽከረከረ። «አንቺን ከጫንኩ የምወርደው እኔ ነኝ። ተነግሮኛል።»

የነገረችው ዳይሬክተሯ ናት፤ ዳይሬክተርም ባለቤትም እሷው ናት። አስተማሪዋ ቢሮዋ ገብታ ጠይቃታለች፤ ቁጭ በይ ሳትባል፣ በዚያ ጉልበት ቆማ። «ሰርቪሱ ለከፋይ ልጅ ነው» አለቻት ዳይሬክተሯ። «ዛሬ ለአንቺ ብፈቅድ ነገ ሞግዚቶቹ፣ ከነገ ወዲያ አትክልተኛው ይመጣል። ደንብ ደንብ ነው።»

ደንብ! ባዶ ወንበር ለማጓጓዝ ነዳጅ ሲቃጠል ደንብ አልተጣሰም፤ ሰው ቢቀመጥበት ነው የሚጣሰው። ላም አለኝ በሰማይ የሚባለው እንኳ ላሟ ሩቅ ስለሆነች ነው። የዚህች ሴት ላም በአፍንጫዋ ሥር እያለፈች ነው።

የምታስተምርበት ክፍል የመኪና ጋራዥ የነበረ ነው። ትምህርት ቤቱ መኖሪያ ቤት ሳለ የባለቤቱ መኪና የሚያድርበት ቦታ። ግድግዳውን ሰማያዊ ቀብተው፣ ፊደልና ቁጥር ለጥፈው ክፍል አሉት። መሐል ወለሉ ላይ የተንጣለለውን የሞተር ዘይት እድፍ ግን የቱም ሳሙና አላስለቀቀውም። እሷ ማስለቀቁን ተወችና «ባሕር» አለችው። የካርቶን መርከብ የሚሄደው በእሱ ላይ ነው። ማንም ልጅ በጫማው አይረግጠውም፤ የረገጠ ሰምጧል፣ ጓደኞቹ በእጁ ጎትተው ያወጡታል።

አውሮፕላኑ የጫማ ካርቶን ነው፤ የባቡሩ ጎማ የጠርሙስ ቆርኪ። ሁሉንም እሷ ነች በመቀስና በሙጫ የምትሠራው። በየዓመቱ ልጆቹ ይሰባብሩታል፣ በየዓመቱ እንደገና ትሠራለች።

«የየብስ መጓጓዣ ማን ይነግረኛል?» ትላለች።

«መኪና!» «ሳይክል!» «እሽኮኮ!»

«እሽኮኮም ይቆጠራል። ማን ነው እሽኮኮ የሚያደርግሽ?»

«አባዬ። ግን ሲደክመው ያወርደኛል።»

«አውሮፕላንስ በምን በምን ይሄዳል?»

«በጩኸት!»

አንዷ ደግሞ እጇን አውጥታ፣ «ሰልፍ» አለች። «እማዬ በሰልፍ ነው ሥራ የምትሄደው።» አስተማሪዋ ልታርማት አሰበች። ምን ብላ ታርማታለች?

ትምህርቱ ሁሉ የሚያርፈው ግን አውቶቡሱ ላይ ነው። ወንበሮቹን ጥንድ ጥንድ አድርጋ ትደረድራለች፤ የድስት ክዳን መሪ ይሆናል፤ አንዱ ይነዳል፣ ሌሎቹ ይሳፈራሉ። እጁን ለዘረጋ ይቆማል፤ አሮጊት ለሆነ ይነሣሉ፤ ሁሉም ሳይገባ አይኬድም። ዋናው ትምህርት ይህ ነው። የመርከብና የአውሮፕላን ስም ሲያድጉ ይደርሱበታል። ይህን ስታስተምር ስንት ዓመቷ ነው! ያን ጊዜ የድስት ክዳን ይዘው ሲነዱ የነበሩት ዛሬ የእውነቱን መሪ ይዘዋል፤ አንዳንዶቹ በዚያ ሰልፍ አጠገብ መስተዋታቸውን ዘግተው ያልፋሉ። ያውቋት ይሆናል፣ አያውቋት ይሆናል። እሷም በማጅራት ካልሆነ ሰው መለየት ትታለች።

አንድ ቀን ከሰዓት፣ ልጆቹ ሄደው ወንበር ስትሰበስብ፣ ዳይሬክተሯ ጋራዡ በር ላይ መጥታ ቆመች። ወደ ውስጥ አልገባችም፤ ነጭ ጫማ ስለምታደርግ ባሕሩን ትፈራለች።

«ነገ ጠዋት ከትምህርት ቢሮ ሱፐርቫይዘር ይመጣል። የፈቃድ እድሳት ነው። የሚያየው የአንቺን ክፍል ነው፣ መጓጓዣውን።»

«መልካም።»

«መልካም የሚሆነው በሰዓትሽ ከመጣሽ ነው። ስንት ጊዜ እንዳረፈድሽ አንቺም እኔም እናውቃለን። ነገ ብታረፍጂ ከነገ ወዲያ እንዳትመጪ። ቅር እንዳይልሽ፣ አስቀድሜ ልንገርሽ ብዬ ነው።»

አስተማሪዋ ያነሣችውን ወንበር መልሳ አስቀመጠች። በዚህ ዕድሜ፣ በዚህ ጉልበት፣ ሌላ ትምህርት ቤት በር ቆማ «ሥራ አላችሁ?» ስትል ታያት። ቤት ውስጥ ያለው ወገቡን ይዞ የተቀመጠ ሰው ታያት፤ መድኃኒቱም ዳቦውም በእሷ እጅ ነው። ወንበሮቹን እንደተደረደሩ ተወቻቸው። አውቶቡሱ ለነገ ይደር ብላ።

በማግስቱ ባሏ አልቀለደም። ራሱን ወደ መስኮቱ አዘንብሎ ሲያዳምጥ ቆየና፣ «መንገዱ ዝም ብሏል» አላት። «ነዳጅ ጠፍቷል መሰለኝ። ቶሎ ውጪ።»

ቶሎ ወጣች። ሰልፉ ግን ከእሷም ቀድሞ ወጥቶ፣ መድኃኒት ቤቱን አልፎ ሄዷል። ታክሲ የለም። የመጣችው አንዲትም ሞልታ መጥታ ሞልታ አለፈች። ዘበኛው፣ «ዛሬ እንኳን ታክሲው፣ ተስፋውም ነዳጅ ጨርሷል» አለ ሳይዞር። ማንም አልሳቀም።

ቢጫው ሚኒባስ መጣ። ልጆቹ ከፊት፣ ባዶው ከኋላ። አስተማሪዋ ከሰልፉ አንድ እርምጃ ወጣችና እጇን ዘረጋች። ለማውለብለብ አልነበረም፤ ለማስቆም ነው። በዚያ ሰርቪስ ላይ እንዲያ እጇን ስትዘረጋ የመጀመሪያዋ ነው። ልጆቹ ግን ልማዳቸው ነውና ሰላምታ መሰላቸው፤ ከወትሮው አብልጠው አውለበለቡላት። «ባይ ባይ ቲቸር! ባይ ባይ!» የፀሐይ መከላከያው ወረደ። ሚኒባሱ አለፈ። የተዘረጋው እጅ አየር ላይ ትንሽ ቆየና፣ ባለቤቱ አፍራ መለሰችው።

በእግሯ ሄደች። እግር የየብስ መጓጓዣ ነው፣ ለልጆቹ አስተምራለች። ዳገቱ ላይ የሰው አጥር ተደግፋ ቆመች፤ ውሻ ጮኸባት፤ እንደገና ሄደች። መንገድ ላይ የምትለውን ስታሰላስል ነበር፤ ነዳጅ ጠፍቶ ነው፣ ጉልበቴ ነው፣ በማለዳ ወጥቼ ነው። የትምህርት ቤቱ በር ጋ ስትደርስ የቀራት ትንፋሽ ብቻ ነበር፤ እሱም የተቆራረጠ።

የጋራዡ በር ክፍት ነው። ከውስጥ «ዱርርርር» የሚል ሞተር ይሰማል። አውቶቡሱ እሷን ሳይጠብቅ ተነሥቷል። ሞግዚቷ ልጆቹን ወንበሮቹ ላይ አስቀምጣቸዋለች፤ ሱፐርቫይዘሩ ትንሿ ወንበር ላይ ተቀምጦ ጉልበቱ አገጩን ሊነካ ምንም አልቀረውም፤ ዳይሬክተሯ ከኋላው ቆማለች። መሪውን የያዘው ድምቡሼ ነው። ጉንጩ ስለሚያብጥ አስተማሪዋ ነች ያን ስም ያወጣችለት። በእውነተኛው ሰርቪስ ከሾፌሩ ጀርባ የሚቀመጥ ልጅ ነው። ከኋላው ልጆች ተቀምጠዋል፤ የኋላዎቹ ወንበሮች ላይ ደግሞ ቦርሳዎች ተደርድረዋል።

ዳይሬክተሯ አየቻት። ሰዓቷን አየች። ያቺ አንዲት እይታ የስንብት ደብዳቤ ነበረች።

ሞግዚቷ አዝናላት ይመስላል፣ «ድምቡሼ፣ ቲቸር መጣች፤ ቁምላትና ትሳፈር» አለች።

ድምቡሼ ቀና ብሎ በር ላይ ያለችውን አስተማሪውን አየ። ከዚያ መዳፉን ቀስ አድርጎ ግንባሩ ላይ ጋረደና፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ፣ «ዱርርርርር!» ብሎ አለፈ። ከኋላው ያሉት ሁሉ በአንድ ድምፅ፣ በሙሉ ደስታ፣ እጃቸውን እያወዛወዙ፣ «ባይ ባይ ቲቸር! ባይ ባይ!»

ሱፐርቫይዘሩ ሳቀ። «አንተ ሾፌር! አስተማሪህ ናት እኮ፣ ለምን አልቆምክላትም?»

«አይቆምም» አለ ድምቡሼ፤ መሪውን አልለቀቀም።

«ማን ነው የማይቆመው?»

«ጋሼ። የሰርቪሱ። እሷ ሰልፍ ላይ ናት፣ እኛ ባይ ባይ እንላታለን፣ እናልፋለን።»

«ወንበሩ ሞልቶ ነው?»

«ኧረ ባዶ ነው! ቦርሳችንን ነው የምናስቀምጥበት።»

«ታዲያ ለምን አይቆምም?»

«ፀሐይ ሆኖበት አያያትም» አለ ድምቡሼ ግንባሩን እንደጋረደ።

ከጎኑ የተቀመጠችው ልጅ፣ ያቺ የሰልፏ ልጅ፣ አልዋጥላት አለ። «ውሸቱን ነው! ፀሐይ የለም እኮ። ለከፋይ ነው። ቲቸር ከፋይ አይደለችም።»

ከልጅ አትጫወት ይወጋሃል በእንጨት ይላሉ። እንጨቱ ያን ዕለት የሄደው ወደ ነጩ ጫማ ነበር። ዳይሬክተሯ ልትስቅ ሞከረች፤ ጥርሷ ወጣ እንጂ ሳቁ አልወጣም። ሱፐርቫይዘሩ ከትንሿ ወንበር እንደምንም ተነሣ።

አስተማሪዋ ግን ደስ አላላትም። ሌላ ሰው ይህን ቢያወራው «ድል አደረገች» ብሎ ይጨርሰው ነበር። እሷ በሩን ተደግፋ ያየችው ሌላ ነገር ነው። ስታስተምር የኖረችው «እጁን ለዘረጋ ይቆማል» ብላ ነው፤ እነሱ ግን እሷ ከመድረሷ በፊት፣ በየማለዳው፣ በቢጫው ሚኒባስ ውስጥ ሌላ ትምህርት ጨርሰው ነው የሚመጡት። ያኛው ትምህርት በካርቶን አይደለም፤ በእውነተኛ ጎማ ነው። ሰው ቆሞ ሲቀር ፊት ማዞር። ቦርሳ ማስቀመጥ። እጅ ማውለብለብ። ልጆቹ አልተሳሳቱም፤ ጎበዝ ተማሪዎች ናቸው።

ሱፐርቫይዘሩ አንድ ነገር ተናገረ፤ አልዋሽም። «ልጅ የሚማረው የሚያየውን ነው፤ ይሄ ነገር ይስተካከል» አለ፤ ዳይሬክተሯን እያየ። ከዚያ ቢሮ ገብቶ ሻይ ጠጣ፣ ኬክ በላ። ሲወጣ የመሥሪያ ቤቱ መኪና በር ላይ ቆማ ትጠብቀው ነበር። ከኋላ ብቻውን ተቀምጦ ሄደ።

ዳይሬክተሯ አስጠራቻት። ዛሬም ቁጭ በይ አላለቻትም።

«አዋረድሽኝ። አስጠንተሻቸው ነው አይደል?»

«ብደርስ አስጠናቸው ነበር» አለች አስተማሪዋ። «የት ደርሼ?»

ዳይሬክተሯ እስክሪብቶዋን ከፍታ ዘጋች። ልታባርራት ትፈልጋለች፤ ሰውዬው ግን ያለውን ብሏል፣ ተመልሶ ይመጣል። «ከነገ ጀምሮ በሰርቪሱ ትመጫለሽ» አለች በመጨረሻ። «በነፃ ግን አይደለም። ሚኒባሱ ከሰፈርሽ ታች ካለው ማደሪያው ሲነሣ ጀምረሽ ትሳፈሪያለሽ፤ በየበሩ እየወረድሽ ልጆቹን ትቀበያለሽ፣ በሩን ከፍተሽ ትዘጊያለሽ። ረዳት ልቀጥር ነበር፤ አሁን አንቺ አለሽ።»

«እሺ» አለች አስተማሪዋ።

እሺ ያለችው ፈቅዳ አይደለም፤ ደክሟት ነው። እንዲህ ዓይነቱን ድካም ትሕትና ብለው የሚጠሩ ሰዎች አሉ፤ ያመቻቸዋላ! ሥራዋ ግን በእጇ ቀረ። ለዚያ ነው ዳገቱን የወጣችው።

ባሏ ሲሰማ መስኮቱን ትቶ ወደ እሷ ዞረ። «አስገባችሽ በይኛ! ረዳት ሆንሽ! እኔ እንኳ ስንት ዘመን ነድቼ ከፊት ወንበር አላወረድኩሽም።»

«አንተ መቼ አስቀመጥከኝና?»

«እሱስ እውነትሽን ነው» አለና፣ እጁን ዘርግቶ፣ «ጉልበትሽን አምጪው፣ ልሽልሽ» አላት።

በማግስቱ ከወትሮው ቀድማ ተነሣች። በየበሩ ወረደች፣ ወጣች፤ ያንቀላፋ ልጅ ታቅፋ፣ ቦርሳ ተቀብላ፣ በር ዘጋች። ሚኒባሱ ወደ መዞሪያው ሲቃረብ ሰልፉ ታየ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሰልፉን ከፊት ለፊቱ አየችው። ዘበኛው ሽማግሌ ኖሯል፤ ከማጅራቱ ወጣት ይመስላት ነበር። ልብስ አጣቢዋ ቀና ብላ አየቻት፤ ውስጥ ስታያት ገረማት፣ ከዚያ ዓይኗ ወደ ኋላዎቹ ወንበሮች ሄደ። ባዶ ናቸው። ቦርሳ አለባቸው። ሾፌሩ በልማዱ የፀሐይ መከላከያውን አወረደ። ልጆቹ እጃቸውን አነሡ፤ «ባይ ባይ!»

አስተማሪዋ የበሩን እጀታ እንደያዘች አንገቷን ደፋች። ወንበር ማግኘት እንዲህ ነው ለካ። የሚያልፈው ውስጥ ሆነሽ ማለፍ።

ክፍል ገብተው ወንበሮቹ ተደረደሩ። ድምቡሼ የድስት ክዳኑን ያዘ፤ «ዱርርር» አለና ዛሬ በሩ ጋ ሲደርስ ቆመላት። አድጓል በአንድ ቀን።

«ግቢ ቲቸር። ግን በሩን አንቺ ነሽ የምትከፍቺው። አንቺ ረዳት ነሽ።»

የትናንቱም የዛሬውም ትምህርት ገብቶታል፤ ምንም አያመልጠው።

«እዚህ አውቶቡስ ላይ ተሳፋሪ ነኝ» አለችው። «በሩን አንተ ክፈት። ቦርሳዎቹን ደግሞ ከወንበሩ አውርዱ፤ ቦርሳ እግር የለውም፣ አይደክመውም። ወለል ላይ ይቀመጥ።»

ቦርሳዎቹ ወረዱ። «እናንተ ሰልፎች፣ ግቡ!» አለች ቆመው ተራ ለሚጠብቁት። ገቡ፤ ተጣበው፣ ተሳስቀው፣ አንዱ በአንዱ ጭን ላይ። የመጨረሻዋ ወንበር ቀረች። አስተማሪዋ ጉልበቷን በእጇ ይዛ ቀስ ብላ ተቀመጠች፤ ራሷን ሰማያዊው ግድግዳ ላይ አስደገፈች፤ ዓይኗን ጨፈነች።

ድምቡሼ ዞሮ አያት። «ቲቸር፣ ወዴት ነው?»

«የትም» አለችው። «ዝም ብለህ ንዳ።»

የሰልፏ ልጅ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። ድምቡሼ ሞተሩን ዝቅ አደረገ፤ «ዱ... ዱ... ዱ...»፤ ባሕሩን ላለመንካት መሪውን ቀስ አድርጎ ጠመዘዘና፣ ተሳፋሪዋን ሳይቀሰቅስ ነዳ።